በአማርኛ የመረቅከን መስቀል

ደግፍዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍነው ብትጠይቀኝ አላውቅም፤ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሰው ሁሉ ትንሽ ቅመሺ እያለ ሲለምነኝ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ሁለተኛውን ግን አፈር እስክለብስ አልረሳውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ አስነስቶኝ እንዳይመስልህ። ናፍቀኸኛል፣ እሱ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። ድሮስ ስናደድ ወደ ማን እሄድ ነበር? ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሱቅህ እመጣለሁ፤ ቦርሳዬን ባንኮኒው ላይ ወርውሬ ስለፈልፍ አንተ የሰው ፍላሽ እየሰካህና እየነቀልክ "እሺ፣ ከዚያስ?" ትለኛለህ። ሳልጨርሰው ንዴቴ ይወጣልኝ ነበር። አሁንም ልለፍልፍልህ ነው፣ ከዚያስ የሚለኝ ባይኖርም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። ኤልሻዳይ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ሰው ፊት እማዬ ብለሽ አትጥሪኝ ብላት ልትሰማኝ ነው? ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ተደፍኗል። ያ ሁልጊዜ ነገ እጠግነዋለሁ የምትለው የሳሎን ሶኬት ግን እንደተንጠለጠለ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግኩም። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠሁም። ስጪው፣ ዓይንሽ ላይ አይሁን እያሉ የሚመክሩኝን ሰዎች ሰላም ብያቸው ነው የማልፈው።

ሱቅህን ግን ለቀቅኩት። ምን ላድርግ? ፊልም የሚያስጭን ሰው ጠፋ። ቅዳሜ ከሰዓት የመናኸሪያው ሹፌርና ረዳት ሁሉ ሚሞሪውን ይዞ ይሰለፍልህ አልነበር? አሁን ሁሉም ስልኩን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ሲገፋ ነው የሚውለው። ቁጭ ብሎ ፊልም የሚጨርስ የለም። መጀመሪያውን ያዩና መጨረሻውን ሌላ ሰው በአጭሩ ሲያወራው ሰምተው አየነው ይላሉ። ጌሙም እንደዚያው ሆኗል። እነዚያ ጆይስቲክህን እየተሻሙ ሲሰዳደቡ የሚውሉት ጎረምሶች አሁንም እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው፤ ቤቱ ግን ውርርድ ቤት ሆኗል። እራሳቸው መጫወቱን ትተው፣ ስሙን እንኳ አስተካክለው በማይጠሩት ቡድን ላይ ወረቀት ቆርጠው ጥፍራቸውን ይበላሉ። በቀለም ያስጻፍከው "ፊልም እንጭናለን" የሚለው ጽሑፍ በአዲሱ ቀለም ሥር እስከ ዛሬ ይታያል። በዚያ ላለማለፍ በጀርባ ዞሬ ነው ገበያ የምሄደው።

የስልክህን ጉድ ደግሞ ስማ። ቁጥርህ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ ኖሮ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ማን ነገረኝ መሰለህ? የገዛ ስልኬ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ብልጭ አለና "ደግፍዬ አሁን ገብቷል፣ ሰላም በይው" አለኝ። ሰላም በይው! ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ ቲቸር አመመሽ ወይ አሉኝ። ኋላ ከፍቼ ሳየው ፎቶው የበርበሬ ጆንያ ነው። ቁጥርህ የደረሰው ለአንድ የቆሼ ከተማ በርበሬ ነጋዴ ነው። ደወልኩለት። ጨዋ ሰው ነው፤ አላህ ያጽናሽ ብሎ፣ ከፈለግሽ ቁጥሩን ልተውልሽ እስከማለት ደረሰ። ምን አደርገዋለሁ ብዬ ተውኩት። ስሙን ግን ስልኬ ላይ አልቀየርኩትም። አንዳንዴ "ደግፍዬ" አዲስ በርበሬ ገብቷል ብሎ ይልክልኛል፤ እስቃለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ።

በልደትህ ቀን ደግሞ ገጽህ ላይ የጻፉልህን ብታይ። "ረጅም ዕድሜ ይስጥህ ወንድሜ" ካሉህ አንዱ ሬሳ ሳጥንህን የተሸከመ ሰው ነው። ማሽኑ ዛሬ የደግፌ ልደት ነው ሲለው እጁ ዝም ብሎ ጻፈ መሰለኝ። እሱን እንኳ አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት ለቅሶ ሳይደርሱ ሻማ ለጥፈው የተገላገሉትን ነው። አንዷማ ወልቂጤ ድረስ ለሠርግ መጥታ፣ በራችን ላይ አልፋ፣ አዳራሹ ውስጥ ስትጨፍር የተቀረጸችውን አየሁት። ሻማዋ አሁንም ገጽህ ላይ ይበራል።

ይህ ሁሉ ግን ከመስቀሉ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን አንተ ማን እንደነበርክ ልጻፍ፤ ሰው ሁሉ ሌላ ደግፌ ስለያዘ ቢያንስ እዚህ ወረቀት ላይ ትክክለኛው ይኑር።

ኤልሺ እንዴት እንደተዋወቅን ደጋግማ ታስነግረኛለች። ገና የተመደብኩ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ያኔ የነበረህ ቪዲዮ ቤት ገባን፤ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከጎኑ አንተ፣ ማይክራፎን በእጅህ። ፊልሙ የሕንድ ነበር፤ አንተ በአማርኛ እየተረጎምክ ታሰማለህ። እናትየዋ ባቡር ጣቢያ ቆማ ልጇን እያለቀሰች ትሸኛለች። አንተ ማይኩን አስጠግተህ "ልጄ፣ ቆጮ ቋጥሬልሃለሁ፤ መንገድ ላይ እንዳትከፍተው፣ ሰው ያይብሃል" አልክ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ልጁ ባቡር ሲገባ አንተው ራስህ ድምፅህ ተሰብሮ መናገር አቃተህ። ያን ጊዜ ነው ዞር ብዬ ያየሁህ።

የማትጨምረው ነገር አልነበረም። የሽፍቶቹ አለቃ ሁልጊዜ የቡታጅራ ነጋዴ ነው፤ ፖሊሱ እምድብር ሚሲዮን የተማረ ትሑት ሰው ነው፤ የገዳዮቹ ውስኪ አሬራ ይሆናል። አማርኛ ሲጠፋህ በጉራጊኛ ሞልተህ ታልፋለህ። ማንም አይቀየምህም፤ ከእኔ በቀር። ተማሪዎቼ ድርሰት ስሰጣቸው ያንተን አረፍተ ነገር ይጽፉልኛል፤ "ይሄ ቀጣፊ ሰውዬ ዛሬስ አልቆለታል" ብሎ የሚያልቅ ስንት ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ አርሜያለሁ! ከተጋባን በኋላ ደግሞ ወረቀቶቹን ከእጄ ነጥቀህ "ስንት ሰጠሽኝ?" ትለኝ ነበር። አማርኛህን ላቃናልህ ስንት ዘመን ለፋሁ። ሰማይና ምድር ቢገናኝ አልቃና አልክ።

ከአዶት፣ ከእናትህ ጋር ግን አንድም ቀን በአማርኛ አላወራህም። እሷ አማርኛ የምትሰማው ክሊኒክ ካርድ ስታወጣና ግብር ስትከፍል ነው። እኔ ደግሞ የጎንደር መምህራን ልጅ፣ ወልቂጤ ተወልጄ ወልቂጤ ያደግኩ፣ ከሰላምታ በቀር ጉራጊኛ የማልችል። አገና ስንሄድ በእናንተ መሃል እንደ ዕቃ ተቀምጬ እውል ነበር። አንተ ታዲያ እንደ ፊልም ትተረጉምልኝ ጀመር፤ "አሁን እናትየዋ ምራቴ ከስታለች አለች። ልጅየው፣ ጋብቻ ነው ያከሳት ሲል መለሰ። እናትየዋ በጭልፋ ልትመታው ተነሳች።" አዶት ምን እያልክ እንደሆነ ሳይገባት፣ እኔ ስስቅ እያየች ትስቃለች። እኔና እናትህ የተዋደድነው በአንተ አፍ ነው። ከሄድክ በኋላ ሁለታችን ስንገናኝ ተርጓሚ የሌለው ፊልም ሆንን። እጅ ለእጅ ተያይዘን እናለቅሳለን፣ ከዚያ እሷ ታበላኛለች፣ ከዚያ ወደ ወልቂጤ እመለሳለሁ።

እንግዲህ መስቀሉ። እንደ ወጉ ለበዓሉ ወደ አገና ወጣን። ሚኒባሱ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰውና ሻንጣ ታጭቆ ነበር። ሙሌ፣ ታናሽ ወንድምህ፣ መርካቶ ስልክና የስልክ ዕቃ የሚሸጠው፣ ቀድሞን ደርሷል። ክብ መብራትና ማቆሚያ ይዞ መጥቶ ጥግ ላይ ሲያስተካክል አየሁት፤ ድሮም እንዲህ ዓይነት ነገር ስለሚወድ ልብ አላልኩትም። ከሁላችን በላይ ደስ ያለው ይመስላል። ዛሬ የማሳያችሁ አለ እያለ ኤልሺን ያቁነጠንጣታል።

የቤታችሁን ወግ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ሥጋው ከመቀመሱ በፊት የቤቱ ታላቅ ከምሰሶው ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቤተሰቡን ይመርቃል። አባትህ ካረፉ ጀምሮ በርጩማዋ ያንተ ሆነች። ስትመርቅ ቃሉ ባይገባኝም አሜን የምልበትን ቦታ አውቀው ነበር፤ ትንፋሽህን ሳብ ስታደርግ ነው። አዶት ደግሞ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ አብራህ ትለዋለች። ባለፈው መስቀል በርጩማዋ ባዶዋን ዋለች፣ አጎትህ ቆሞ ነበር የመረቀን። ዘንድሮ ሙሌ ተነሣና ታብሌት አምጥቶ በርጩማዋ ላይ አቆመ። ዛሬ የሚመርቀን ወንድሜ ነው አለ።

መጣህ ደግፍዬ። በዕድሜህ ለብሰኸው የማታውቀውን ሙሉ ልብስ ለብሰህ፣ ከኋላህ የማንም አገር ያልሆነ አረንጓዴ መስክ። የተሸረፈችው ጥርስህ ሞልታለች። የግንባርህ ጠባሳ ጠፍቷል። ዓይንህን ገለጥ ከደን አደረግክና "ውድ ቤተሰቦቼ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ" አልክ። እንደ ባንክ ማስታወቂያ! ድምፁ ያንተ ነው፤ ሙሌ በሕይወት ሳለህ የላክህለትን የድምፅ መልእክቶች ሰጥቶት ነው ማሽኑ የሠራው። ንግግሩ ግን የማንም ነው። ሳልህ የለም፣ ትንፋሽ አትስብም፣ ቃል አትፈልግም። እኔ ስንት ዘመን ለፍቼ ያቃተኝን አማርኛህን አንድ ማሽን በአንድ ቀን አቅንቶት መጣ። በመጨረሻም "እናቴ ሆይ፣ በጣም እወድሻለሁ" አልክ። በዚያ ቤት ማን ለእናቱ እወድሻለሁ ሲል ተሰምቶ ያውቃል? እንሰት ይተክልላታል፣ ጣሪያ ይከድንላታል እንጂ።

ሰው ሁሉ አሜን አለ። ለታብሌት! እህትህ እዬዬ ብላ ወደቀች፤ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አጎትህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንደመሆኑ ሙታን አይመርቁም ብሎ ኋላ አጉረመረመ፣ ግን እሱም አሜን ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እኔ ያየሁት አዶትን ነው። አላለቀሰችም። ከንፈሯ እንደለመደው አብሮህ ሊል ተንቀሳቀሰና ቆመ። ታብሌቱን አየችው፣ እኛን አየችን፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። ማንም አልተረጎመልኝም። አንተ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጉራጊኛ ያነጋገርካት ልጅህ ናት ጠጋ ብላ በጆሮዬ የነገረችኝ። አያቴ "ምን አጥፍቼ ነው?" ትላለች አለችኝ።

ገባህ አይደል? ልጄ ምን ብበድለው ነው እንደ ባዕድ በአማርኛ የሚያናግረኝ ማለቷ ነው። የሄደበት አገር ቋንቋችንን አስረሳው ወይስ ተቀይሞኝ ነው? ሌላው ሁሉ በተአምሩ ሲያለቅስ፣ እሷ ልጇ ሁለተኛ ጊዜ ሲሄድባት አየችው። ሥጋውን አልቀመሰችም። ራሴን አመመኝ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሙሌ አላየም። ወይም በስልኩ ውስጥ ነው ያየው። ማታውን ያንን ቀረጻ፣ የእናቱን ፊት አስጠግቶ፣ ዘገምተኛ አድርጎ፣ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ሥር አግብቶ፣ "የእናት ፍቅር አይሞትም" የሚል ጽፎበት ለቀቀው። ዓለም አየው በለኝ። እኔም ወልቂጤ ስመለስ ሰው እየላከልኝ አየሁት፤ ጨው የምትሸጥልኝ ሴትዮ ሳትቀር በመንገድ አስቁማ አሳየችኝ። የሰዉን አስተያየት አነበብኩ፤ ባላነበብኩት። አንዱ አስለቀሳችሁኝ ይላል። አንዱ ይሄ አፕ ምን ይባላል፣ በነጻ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዷ ሰውየው አሪፍ ነው፣ ያላገባ ከሆነ ብላ ስቃለች። አንዱ ደግሞ እናትየዋ ለምን አላለቀሰችም፣ ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ ብሎ ጽፏል። ብዙ ሰው ወዶለታል ያንን። ደሜ ፈላ። ስሙን ይዤ ልመልስለት ጀመርኩና፣ ለማን ነው የምመልሰው ብዬ አጠፋሁት።

ለሙሌ ደወልኩ። አጥፋው አልኩት፤ መጀመሪያ በልመና፣ ኋላ በጩኸት። እህቴ፣ ከልቤ ነው የሠራሁት አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ። የምትስቅበት ፎቶ ፍለጋ ያንተን ፎቶዎች ሲያገላብጥ እያለቀሰ እንዳደረ ሚስቱ ነግራኛለች። የእናቱን ነገር ስነግረው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ማሽኑ ለጊዜው ጉራጊኛ አይችልም፣ ሲችል አስተካክለዋለሁ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። በማግስቱ ከራሱ ገጽ ላይ አነሳው፣ ያንን አልክድም። ግን እሱ ሲያነሳው ሌሎች ወስደውት ነበር። አሁን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው የእናትህን ፊት የያዙት፤ ሥሩ ሌላ ሙዚቃ አግብተው፣ የራሳቸውን ስም ጽፈውበት። ማንን ነው አጥፋ የምለው?

የሥራ ባልደረባዬ አንዱ ደግሞ፣ እሱም እንደ ወላጆቼ ከሰሜን የመጣ፣ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት "የደግፌ አማርኛ እንዴት አምሮበታል! ይኸው በመጨረሻ ተሳካልሽ" አለኝ። ቀልዱ መሆኑ ነው። ሻዬን ትቼ ወጣሁ። አለመትፋቴን አመስግን። እኔ እኮ እንድትታረም አልነበረም የማርምህ፤ ስትሳሳት ለመስማት ነበር። አንተ ታውቀው ነበር፣ ለዚህ ነው ሆን ብለህ የምትብሰው።

አዶት ከዚያ ወዲህ ስልክ አልቀርብም አለች። ስልክ ሲጮህ ከቤት ትወጣለች አሉኝ። ድሮ የኤልሺን ድምፅ ለመስማት ከጓሮ እየሮጠች የምትመጣ ሴትዮ! እህትህ አስረድታት ነበር፤ ማሽን ነው ብላታለች። አዶት ግን ድምፁ የልጄ ነው፣ የወለድኩትን ድምፅ አላውቅም እንዴ ብላ ዘጋቻት። እህትህም በዚያው ተወችው። በስልክ የመጣ ነገር በስልክ አይስተካከልም ብዬ አሰብኩ። የሚነገረውን ነገር በአእምሮዬ አዘጋጀሁ፤ ያ ልጅሽ አይደለም፣ ማሽን ነው፣ ማሽኑ ጉራጊኛ አይችልም፣ ልጅሽ አልረሳሽም። ለኤልሺ አስተርጉሚልኝ ልላት ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። የአንተን ነገር ለእናትህ የምነግራት እኔ ሚስትህ ነኝ እንጂ ልጅ አይደለችም፤ ተሰባብሮም ቢሆን በጉራጊኛ ራሴ ልነግራት ቆረጥኩ።

ኤልሺን ይዤ አገና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገድ ላይ አረፍተ ነገሮቼን በጉራጊኛ እየሞከርኩ ለኤልሺ ስላት ታርመኛለች፤ ከኋላ የተቀመጡ እናት ሰምተው ልጅቷን አረሟት፤ ከፊት ያለው ሰውዬ ዞሮ እንደዚያ የሚሉት ቸሃዎች ናቸው፣ እኛ እዣዎች እንዲህ ነው የምንለው አላቸው። አለቀ። እምድብር እስክንደርስ ሚኒባሱ ሙሉ በእኔ አረፍተ ነገር ላይ ተከራከረ። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ረስቶ ዳኛ ሆነ። ማንም ለምን እንደፈለግኩት አልጠየቀኝም። አንተ ብትኖር ማይክ አምጡልኝ ትል ነበር።

አዶት ጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ተንፈስ አልኩና ጀመርኩ። የምለው ሁሉ ከአፌ ተወላግዶ ሲወጣ ይሰማኛል። ልቤ እንደ ተማሪ ይደልቃል፤ ስንት ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሜ እንዲህ አስጨንቄ ይሆን? ስጨርስ መፋቂያዋን አስቀመጠች። ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኤልሺም መሬት ላይ ተንከባለለች። ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ ሁለቱም አልነገሩኝም። ተናድጄ ልነሳ ስል አዶት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና የመጀመሪያዋን ቃል አስተካክላ ነገረችኝ። ደገምኩላት። ሁለተኛዋን። ደገምኩላት። እንዲህ እያደረግን እስከ መጨረሻው ደረስን፤ ልጅሽ አልረሳሽም የሚለውን በራሷ አፍ አስተካክላ ለራሷ ነገረች፤ ያን ጊዜ ዕንባዋ መጣ። አለቀሰች ደግፍዬ። በመስቀሉ ያላለቀሰችውን፣ ያ ባለጌ ለምን አላለቀሰችም ያላትን፣ ካሜራ በሌለበት፣ እጇ በእንሰት እንደረጠበ አለቀሰችው። ኋላ በቀሚሷ ፊቷን ጠርጋ አንድ ነገር አለችኝ፣ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ጉራጊኛ ካልቻለ ታዲያ ምኑን ደግፌ ሆነ ነው ያለችው።

ያንን ለሙሌ ነገርኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም፣ ገና ነኝ። ቪዲዮው አሁንም ይዞራል። ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዲት ተማሪዬ ስልኳን ደብቃ ስታየው ደረስኩባት። ሰው ነገ ተነሥቶ ያንን ማሽን ጉራጊኛ ያስተምረው ይሆናል፤ ቸሃውንም እዣውንም። ያኔም ጥርስህ ሙሉ ሆኖ፣ ሳትስል፣ ሳትሰበር ትመጣብናለህ። አቅም የለኝም፣ ከሰው ሁሉ ስልክ አላወጣህም።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አገና እሄዳለሁ። አዶት ምርቃቱን እያስጠናችኝ ነው፤ አንተ ከአባትህ የወሰድከውን፣ እንዳለ። ክፉ አስተማሪ ናት፣ ከእኔ ትብሳለች። ለከርሞ መስቀል በርጩማዋ ላይ ማንም ታብሌት አያቆምባትም፤ እኔ እቀመጥባታለሁ። አጎትህ ሴት እንዴት ብሎ ያጉረምርም፣ አዶት መልሱን አዘጋጅታለታለች። ትንፋሼን ሳብ ሳደርግ አሜን ይሉኛል። ሲስቁብኝም ይሳቁ።

አንተ ያንን ሁሉ ዘመን፣ ማይክ ይዘህ፣ በከተማው ሰው ሁሉ ፊት በእኔ ቋንቋ ተሳሳትክልኝ። ኤልሺ አባዬ እንዴት ነበር የሚናገረው ስትለኝ የማሰማት ምርቃቱን ነው፣ በገዛ አፌ፣ እየተሳሳትኩ። እያለሁ አትረሳም ደግፍዬ። በአንተ ቋንቋ እየተሳሳትኩ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ አስቴር፣
ወልቂጤ